ስሜ የተጻፈበት ብልቃጥ

እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሰው የተፋውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ልጇን ይዛ ለምትመጣ እናት ብልቃጥ ስሰጥ አንድ የማልለቅቀው ነገር አለ፤ ልጁ አክታውን የሚተፋው እኔ እያየሁት ነው። «ቤት ይዤው ልሂድና ነገ ጠዋት ላምጣልሽ» ብትለኝ፣ ደንቡ ቢፈቅድም እኔ አልፈቅድም። ባልደረቦቼ ያሾፉብኛል። «ሰሚሃ አክታ ትጠብቃለች፣ ሌባ እንዳይወስድባት» ይላሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ።

ሌባ አውቃለሁ። ሌባዋ እህቴ ነበረች፤ ቢያንስ በዘጠኝ ዓመቴ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። ቤታችን ሐይቁ ዳር፣ ውሃው ዳር ከበቀለው የፊላ ሣር ከፍ ብሎ ነበር። ነፋሱ ከወዲያ ሲመጣ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል፣ ከወዲህ ሲመጣ የመስጊዳችን አዛን ይሰማናል። አባቴ ኑርዬ ሌሊት መረብ ይጥላል፣ ቀን ያርሳል፤ ቤት ስናገኘው ሁልጊዜ ተኝቶ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሴት ቤት ነበር፤ እናቴ አሚናት፣ እህቴ ዘይቱናና እኔ። ዘይቱና በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በመሃላችን የተወለዱት ሁለቱ አላደጉም። እታለም ነበር የምላት። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ከፊቷ በፊት ጀርባዋን ነው የማውቀው።

አያታችንም አብራን ትኖር ነበር። ዓመቱ ሊገባ ባለበት ክረምት፣ ከግንቦት ጀምሮ ስታስል ከርማ ነሐሴ ላይ ሞተች። ለጠያቂው ሁሉ «ብርድ ነው» ይባል ነበር። ሲያስላት ደግፎ የሚያስቀምጣት፣ የምትተፋበትን ጣሳ አመድ እየነሰነሰ የሚደፋላት እታለም ነበረች፤ የሚተኙትም አንድ መደብ ላይ ነው። እኔ ደግሞ እቀና ነበር፤ አያቴ እሷን አብልጣ የምትወዳት መስሎኝ።

የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ ዑምኩልሱም፣ ታጭታ የቀረች ሴት ናት። ለምን እንደቀረች ለልጅ አይነገርም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ አውቃለሁ። የወንዱ ወገኖች «ሳል ያለበት ቤት ነው፣ ዘራቸው አይረባም» ብለው ነው የተዉአት። እናቴ ያንን አይታለች። ይህን ሳላውቅ የቀረውን ብናገር እናቴን ክፉ አስመስላት ነበር፤ እናቴ ክፉ አይደለችም።

በዚያ ዓመት እታለም ለአምባሰል ሰው ታጭታለች። ሀምዳን ይባላል፤ እኔ ያየሁት አንዴ ነው፣ ረጅምና ዓይነ አፋር ነበር። ሠርጉ ሰብል ሲገባ፣ ጥር ላይ ነው ተብሏል። ከታጨች ወዲህ እታለም መዝፈን ተወች። በፊት ልብስ ስታጥብ የአምባሰልን ዜማ ካወጣች ሐይቁ ዳር ያለ አጣቢ ሁሉ እጁን አሳርፎ ይሰማታል። አሁን ግን ብቻዋን፣ ሰው በማይደርስበት ዳር ወርዳ፣ ልብሱን ድንጋይ ላይ ደብደብ እያደረገች አጥባ ትመለሳለች፤ ስትመለስም ዓይኗ ደም ይመስላል። «ምን ሆና ነው?» ስል እናቴ «ሙሽራ ናት፣ ታፍራለች» ትለኛለች። ከሳችም። የአማቾቿ ወገን ሊያያት የመጣ ዕለት ከላይኛው ቀሚሷ ሥር ሌላ ሁለት ቀሚስ ለብሳ ሲያልባት አይቼ ሳቅሁባት፤ በጣቶቿ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። በልብስ መደብደቢያው ድምፅ ሳሏን እንደምትሸፍን ማን ይነግረኛል?

መስከረም ላይ ስህን መጣች። ስህን አዲሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ከማዶ ሰፈር ካሉት ክርስቲያኖች የተወለደች፣ ከእታለም እምብዛም የማትበልጥ ልጅ። ጃንጥላዋን ደጅ አስደግፋ ገባች።

«እትዬ አሚናት፣ እማማ በምን እንደሞቱ ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር» አለች። «ከእሳቸው ጋር የኖረ መታየት አለበት። በቤቱ ከሁለት ሳምንት የበለጠ ያሳለው ሰው አለ?»

እናቴ ወደ ጓዳው አየች። እታለም ጓዳ ነበረች፤ የስህንን ድምፅ ስትሰማ ነው የገባችው። ልክ በዚያች ቅጽበት እኔን አሳለኝ። ሐይቅ ውስጥ ስንቦጫረቅ ውዬ የያዘኝ ጉንፋን ነበር።

የእናቴ ፊት ፈካ። ልጇ ስታስል ፊቷ የሚፈካ እናት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። «ይቺ ናት» አለች፣ ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት እየገፋችኝ። «ወር ሆናት። እሷን መርምሪልኝ።»

ወር አልሆነኝም፤ ሦስት ቀኔ ነው። ግን ለትልቅ ነገር ተጠርቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ስህን ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ በእስክሪብቶ «ሰሚሃ ኑርዬ፣ 9» ብላ ጻፈችባት። ነገ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ከደረቴ አውጥቼ እንድተፋባት አስረዳችኝ። ያን ቀን ብልቃጧን ይዤ ሰፈሩን ሁሉ ዞርኩ። በቤታችን ስሙ የተጻፈበት ዕቃ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ የሱብሒ አዛን ሲል እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ኩራዙን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እታለምም መጣች። ሳልኩ፣ ተፋሁ፤ የወጣው አረፋ ብቻ ነው።

«ይሄ ምራቅ ነው» አለች እናቴ። ደገምኩ። እንደገና አረፋ። እናቴ ቀና ብላ እታለምን አየቻት። እታለም ብልቃጧን ከእጄ ወሰደች።

«አብሽሪ፣ ላግዝሽ» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ኩራዙን እፍ አለችው።

በጨለማው ውስጥ የሰማሁት ሳል የእህቴ አልነበረም። የአያቴ ሳል ነበር፤ ያው ረጅሙ፣ መጨረሻው ላይ የሚፏጨው። አያቴ ከመቃብር ተመልሳ ከመደቡ ጥግ የተቀመጠች መሰለኝና ፀጉሬ ቆመ። ኩራዙ ዳግም ሲበራ ግን እታለም ብቻ ነበረች፤ ከንፈሯን በመዳፏ ትጠርጋለች። ብልቃጧ እስከ አንገቷ ሞልታለች።

«ለስህን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ራሷ ካልተፋች ትቆጣለች።»

ከዚህ በፊትም የሒሳብ የቤት ሥራዬን ትሠራልኝ ነበር። እንደዚያ ነው የቆጠርኩት።

በሳምንቱ ስህን ተመለሰች። እኔን ሳይሆን እናቴን አስቀምጣ ነው የነገረቻት። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶብኛል። እናቴ ለራሷ የተነገራት ይመስል በሁለት እጇ ደረቷን ያዘች። እታለም የጓዳውን መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ቀስ እያለች ቁጭ አለች። ስለ እኔ የደነገጠች መሰለኝ።

«ይድናል» አለች ስህን። «ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱት ፈጽሞ ይድናል። ግን እትዬ አሚናት፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ አክታ ውስጥ ጀርሙ እንዲህ በዝቶ አይገኝም አሉኝ። ሌላ የሚያስል የለም? ዘይቱና?»

«ማንም የለም» አለች እናቴ። «ዘይቱና ጤነኛ ናት። ሙሽራ ናት እኮ።»

አሁን እኔም ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከትንሽ ልጅ ብልቃጥ ውስጥ የነቀርሳውን ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች በብዛት ሳይ፣ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አንሥቼ ደጅ የቆመውን ሰው አያለሁ። «ማንም የለም» የሚል መልስ በሰማሁ ቁጥር የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ።

ጤና ኬላው ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ሃያ አንድ ኪሎ። ክኒኑ በዚያ ተለክቶ ተሰጠ፣ የሳምንት የሳምንቱን፤ የሚያስውጠኝም ሰው እናቴ እንድትሆን ተስማሙ። ስህን ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የሸክላ ቀለም ነበረው።

«አትደንግጪ» አለችኝ። «ስትጀምሪው ሽንትሽ ይቀላል፣ እንባሽም ሊቀላ ይችላል። መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ንግሥት እኔ ሆንኩ። ወተቱ ለእኔ ነው፣ እንቁላሉ ለእኔ ነው፣ አባቴ ያመጣው ትልቁ ዓሣ ለእኔ ነው። እርግጥ ከሁሉም ላይ ግማሹ ለእታለም ይቆረስ ነበር፤ እኔም አጉረመርማለሁ፤ «ሙሽራም መወፈር አለባት» ትለኛለች እናቴ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ክኒኑን ለእታለም ትሰጣታለች፤ እታለም ጓዳ ገብታ «በወተት አሟሙቼልሽ» ብላ በኩባያ ታመጣልኛለች። ስኳር አለው። በአንድ ትንፋሽ ነው የምጨርሰው።

ወተቱ ግን ነጭ ነበር። የሸክላ ቀለም ያለው ክኒን የሟሟበት ወተት እንዴት ነጭ ይሆናል? ልጅ ሞኝ አይደለም፤ የሚሳሳተው ብዙ ስለሚያስተውል ነው። ሽንቴን ማየት ጀመርኩ። ቀን ቆጠርኩ፣ ሳምንት ቆጠርኩ፣ አልቀላም። ፊላው ውስጥ ተደብቄ ጭኔን እየቆነጠጥኩ አለቀስኩና እንባዬን በነጭ ደብተር ወረቀት ላይ አንጠባጠብኩ። ውሃ ነበር።

አንድ ጠዋት እታለም ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ስትነሣ አየኋት። ከሄደች በኋላ ቦታው ላይ ሄድኩ። አመዱ ላይ ቀይ ነበር። በዚያው ሰሞን ሀምዳን የላከላትን ቢጫ ሻሽ ይዛ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ጓዳ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ደረስኩባት። ዓይኗን የጠረገችበት የሻሹ ጫፍ ብርቱካን ቀለም ይዟል።

ሁሉም ነገር ገባኝ። መድኃኒቴን እየበላችብኝ ነው።

በዚያ ላይ እያማረባት ሄደ። ጉንጯ ሞላ። ከሥር የምትደርባቸውን ቀሚሶች ተወቻቸው። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከልብስ አጣቢዎቹ መሃል ድምፅ ሰማሁ፤ እታለም አምባሰል እየዘፈነች ነው። ሴቶቹ እጃቸውን አሳርፈው ያዳምጣሉ፤ እናቴ ዳሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ «አልሀምዱሊላህ» ትላለች። እኔ ከፊላው ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ያ ትንፋሽ የእኔ ነው፤ እሷ ስትዘፍንበት የእኔ እያለቀ ነው። አያቴ ወደሄደችበት የምሄደው እኔ ነኝ፣ ምናልባትም ከሠርጉ በፊት። እውነት ነው የምላችሁ፣ እህቴን እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም።

ከእሷ ዘፈን የቀረልኝ የመጨረሻው ያ ነው፤ እኔም የሰማሁት በጥላቻ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ የሀምዳን አክስት አሪፋ ከሁለት ሴቶች ጋር ከአምባሰል መጡ፤ ለሙሽራዋ ልብስ ይዘዋል። እታለም ቢጫውን ሻሽ አስራ መሃላቸው ተቀምጣለች። እንግዳ መኖሩን ያላወቀችው ስህን በዚያው ሰዓት ጃንጥላዋን ደጅ አስደገፈች። ሰው ስታይ መመለስ ፈልጋ ነበር፤ እኔን ግን ወደ በሩ ጠራችኝና ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«ሰሚሃ፣ እንዴት ነሽ? ሽንትሽ ቀልቷል አይደል?»

ይኸው ቀኑ መጣ አልኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«የእኔ አልቀላም! የቀላው የእታለም ነው! መድኃኒቴን የምትበላብኝ እሷ ናት! እኔ ልሞት ነው!»

አሪፋ የያዘችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እናቴ ቀድማ ሳቀች፤ ጮክ ያለ፣ የማላውቀው ሳቅ ነበር።

«አይ የልጅ ነገር! የእህቷን የወር ልብስ አይታ ነው። ታማለች፣ ትቀባጥራለች፤ አፉ በሏት፣ ይቅር በሏት።»

አሪፋ አፏን በእጇ ይዛ «ያ ረቢ፣ ጉድ አደረገችሽ!» ብላ ሳቀች። ሁለቱም ሴቶች ሳቁ። ስህን አልሳቀችም። ከእኔ ላይ ቀና ብላ እታለምን አየቻት፤ ሻሿን አየችው። «ከነገ ጀምሮ ሰሚሃ በየቀኑ እኔ ጋ እየመጣች ትውጣለች» ብላ ብቻ ሄደች።

እታለም የምታየው እኔን ነበር። ቁጣ ፈልጌ አላገኘሁባትም፤ ያየሁባት ፍርሃት ነው። ያኔ ፍርሃቷን የተጋለጠ ሌባ ፍርሃት ነው አልኩት። አሁን ሌላ ነገር እንደነበር አውቃለሁ። እስከዚያ ሰዓት እኔ ጤነኛ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበረች፤ «ልሞት ነው» ስል ግን፣ ብትታመምስ፣ መድኃኒቱ የእውነት የሰሚሃ ቢሆንስ ብላ ፈራችልኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቆዳዬ እስኪላጥ እገረፋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልነካኝም። እናቴ ማድጋ አንሥታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ ጤና ኬላ እየሄድኩ ክኒኔን ስህን እያየችኝ ዋጥሁ። በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ቀላ፤ እየዘለልኩ ቤት ገባሁና ነገርኳቸው። እታለም «አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ከልቧ ነበር። ስህን እሷን ፍለጋ ሦስት ጊዜ መጣች። ሦስቴም እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ሙሽራ ከቤት አትወጣም» ብላ መለሰቻት። እናቴን ያታለላት ውሸቷ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነው። ልጇ ማሳል ትታለች፣ ወፍራለች፣ ዘፍናለች። ድናለች ብላ አምና ነበር። አምስት ሳምንት የወሰደ ሰው የዳነ ይመስላል፤ ይህንን በየቀኑ ለሰው እናገራለሁ፣ የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ደግሞም እህቴ የወሰደችው የሃያ አንድ ኪሎ ልጅ መድኃኒት ነበር። እሷ የእኔን እጥፍ ትመዝናለች። እኔ ባልናገር ኖሮ ትድን ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ አስልቻለሁ፤ አንድም ቀን መልሱ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ወሬ እንዳይነሣ ሠርጉ ወደ ኅዳር ተሳበ። ልትሄድ የተነሣች ጠዋት እታለም ጓዳ ጠራችኝ። ቢጫውን ሻሽ ከራሷ ፈትታ ጫፉን አሳየችኝ፤ የተቋጠረ ነገር አለበት።

«ይኸው፣ ያንቺ ነው» አለችኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም። ስህን ባትኖር፣ መድኃኒት ብታጪ፣ ይሄን ትውጫለሽ። ሰሚሃዬ፣ አፉ በይኝ።»

አፉ አላልኳትም። ቋጠሮውን ተቀብያት ቆምኩ። ግንባሬን ስማኝ ሄደች። እናቶች እልል ሲሉ ሰማሁ፤ ውሃ ዳር ሮጥኩ።

ፊላው ውስጥ ተቀምጬ ቋጠሮውን ፈታሁት። አሥራ ሁለት ክኒን። ሌብነቷን ያመነችበት ማስረጃ ይኸው በእጄ ነው። እኔ የራሴን ስህን በየቀኑ ትሰጠኛለች፤ ሰው የነካካውን ምን አደርገዋለሁ? ደግሞ ተመልሳ ብትሰርቀኝስ? እያንዳንዱን ወደ ውሃው ወረወርኩት። ዳሩ ላይ የወደቀው አንዱ ቀስ እያለ ሟሟና ውሃውን አቀላው። ሻሹንም ጠጠር ጠቅልዬበት አርቄ ወረወርኩት። ደስ ብሎኝ ወደ ሠርጉ ቤት ተመለስኩ።

ጥር ላይ ነጋዴው ጁማ ከአምባሰል ገበያ ሲመለስ በቤታችን አለፈ። «ዘይቱና ሰላም ብላለች» አለ፣ በቅሎው ላይ እንዳለ። «‹ሰሚሃ ጋ ያስቀመጥኩትን ላኩልኝ› ብላለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አስቀምጣ ነው አንቺ ጋ?»

መድኃኒት መጣል ነውር መሆኑን ስህን ደጋግማ ነግራኛለች። እናቴን ዓይን ዓይኗን አየኋት። «ምንም» አልኳት።

«ምንም?»

«ወላሂ ምንም።»

ጁማ በቅሎውን ኮርኩሮ ሄደ። አሥራ ሁለት ክኒን ሰው እንደማያድን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የክኒኑ ጉዳይ አይደለም። ያ መልእክት፣ በባሏ ወገኖች ፊት በሌላ መንገድ መናገር ያልቻለች ሰው፣ ሕመሙ ተመልሶብኛል ያለችበት ነው። እናቴ ምን እንደነበር ብታውቅ በዚያው ዕለት ትሄድ ነበር። የደበቅሁት ክኒን አልነበረም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት እናቴ ልብስ ልታጥብ ወርዳ ሳትመለስ ቀረች። ስሄድ ልብሱ ግማሹ ታጥቦ፣ ግማሹ በሳሙና እንደተዘፈዘፈ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሰው «ወደ መኪናው መንገድ ስትሮጥ አየናት» አለኝ። እጇ እርጥብ እንደሆነ ነው አምባሰል የሄደችው። ልቧ ነግሯት ነው ይባል ነበር፤ የእናት ልብ፣ ይሉ ነበር፣ እኔም አምኜ ኖርኩ። በአምስተኛው ቀን ብቻዋን ተመለሰች። እታለም እናቴ በደረሰች በሦስተኛው ቀን፣ ጭኗ ላይ ነው የሞተችው። ለለቀስተኛው ሁሉ «አምባሰል ብርድ ነው» ተባለ። የአያቴም ብርድ ነበር።

እኔ የስድስት ወሩን መድኃኒት ጨረስኩ። ከዓመታት በኋላ፣ ሙያውን ተምሬ ስመለስ፣ የዚያን ዓመት መዝገብ አግኝቼ ገልጬዋለሁ። ስሜ አለ፣ ዕድሜዬ አለ፣ ኪሎዬ አለ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ «ዳነች» ይላል። የዘይቱና ስም የትም የለም። በሽታዋም ሆነ መዳኗ በእኔ ስም ነው የተጻፈው፤ የራሷ ሆኖ የቀረላት ሞቷ ብቻ ነው።

ስለዚያ ቋጠሮ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ ረስታዋለች ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው ሻዕባን፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፋ ሐይቁን እያየች ትውላለች። እንደ እኩዮቿ የመገነዣ ጨርቋን፣ ከፈኗን ገዝታ በሳጥን አስቀምጣለች።

«ከፈኔን አውጥተሽ ፀሐይ አስመቺልኝ» አለችኝ።

ሳጥኑን ከፈትሁ። ነጩን ጨርቅ ሳነሣው ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ፤ የደበዘዘ ቢጫ፣ በአራት የታጠፈ። ዘረጋሁት። አንዱ ጫፍ ቋጠሮ የነበረበት ጭምድድ ሆኖ ቀርቷል፤ በጭምድዱ ውስጥ የሸክላ ቀለም አለ። ዳርና ዳሩ የደረቀ የሐይቅ ጭቃ ነው።

በሳሙና የተዘፈዘፈው ልብስ ትዝ አለኝ። እርጥብ እጇ ትዝ አለኝ። ልቧ አልነበረም የነገራት፤ ሐይቁ የመለሰላት ሻሽ ነው።

ሻሹን ይዤ ደጅ ወጣሁ። «እማ» አልኩ።

ዞር ብላ የያዝኩትን አየችው። አልደነገጠችም። ይህን ቀን ስትጠብቀው እንደኖረች ከፊቷ አየሁት።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለችኝ። «ኩራዙን እፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

«በይ፣ አጥፈሽ መልሽው።»